ጀርባው አጠና ማቆሚያ የሌለው ጂ+8፣ ጎንዶላ ላይ የሰራችሁ እርዱኝ (ባህር ዳር)

ፊኒሺንግ_ሃይቅዳር፦

ሰላም የሙያ ሰዎች እንዴት ዋላችሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ ሃይቁ አካባቢ የአንድ ጂ+8 ሆቴል ፊኒሺንግ ይዘን እየሰራን ነው። ፊት ለፊቱን በአጠና ጨርሰነዋል፣ ልስኑም ኳርትዙም አልቋል፣ የቀረን ጀርባውና ግራ ጎኑ ነው፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጀርባው ከጎረቤት አጥር ጋር ያለው ክፍተት 90 ሳንቲ ነው፣ ለዛውም ግማሹ የሴፕቲክ ታንክ ክዳን ነው። ጎረቤታችን ደግሞ የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤቶች አከራይቶ ሚኖር ሰው ነው፣ ግቢዬ ውስጥ አንድ አጠና አይተከልም ብሎ ዘግቷል፣ እውነት ለመናገር አይፈረድበትም፣ ባለፈው ክረምት ከ5ኛ ፎቅ ሞርታር ጣሪያው ላይ ለቀንበት አንዱ ተከራይ በዛው ሌሊት ነው ቤቱን የለቀቀው። ግራ ጎኑ ላይ ደግሞ ከ1ኛ ፎቅ 3 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የካኖፒ (የመስታወት ታዛ) ብረት አለ (መስታወቱ ገና አልገባም)፣ ከሱ በላይ ያለው ግድግዳ በሙሉ አሉኮቦንድ (የአሉሚኒየም ሰሌዳ) ነው ሚለብሰው፣ ከስሩ ግን አጠና ሚቆምበት መሬት የለም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ጎንዶላ ላከራይህ አለኝ፣ ያ ከጣሪያ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሁለት ሰው ይዞ በሞተር ሚወጣ ሚወርደው ቅርጫት። የአሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ባለ 2 ሜትር 3 ቁራጭ ነው ስትገጥመው 6 ሜትር ይሆናል፣ አንዱን ቁራጭ ሁለት ልጅ ይሸከመዋል፣ 630 ኪሎ ይጭናል አለኝ። ስፋቱ 70 ሳንቲ ምናምን ስለሆነ ጀርባ ያለችው ጉሮሮ ውስጥም ይገባል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ለሚዛን ተብሎ ከኋላ ሚጫን 40 ፍሬ ባለ 25 ኪሎ ክብደት አለው፣ ሊፍት ገና ስላልገባልን 1 ቶን በደረጃ 8ኛ ፎቅ ማውጣት ማለት ነው፣ አንዱ የቀን ሰራተኛ አሸዋ በጆንያ ሞልተን ብንጭንስ ሲለኝ እኔም ልቤ ሸፈተ። ባለቤቱ ለጥምቀት እንግዳ አስገባለሁ ብሎ ወጥሮናል፣ ፎርማኔ ደግሞ እኔ ሰው በሽቦ አልሰቅልም ብሏል። ምኑን ነው ማየት ያለብኝ? ሽቦውን ነው፣ ሞተሩን ነው ወይስ ይሄ ነገር ለኛ ሚሆን አይደለም?

የዱባይ_ተመላሽ፦

ወንድሜ እኔ ዱባይ 4 ዓመት መስታወት የጠረግኩት በዚሁ ነው፣ እዛ ክሬድል ይሉታል። ፎርማንህ የፈራው ሽቦውን ከሆነ ሽቦው ለብቻው አይደለም፣ በየጫፉ ሁለት ሁለት ሽቦ ነው ያለው፣ አንዱ ሞተሩ ሚወጣበት አንዱ ዝም ብሎ ሚጠብቅ። የሚጠብቀው ላይ ሴፍቲ ሎክ አለ፣ ቅርጫቱ በአንድ በኩል ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ካዘነበለ ወይም የስራ ሽቦው ከተበጠሰ ንክስ አድርጎ ይይዛል። እኛ ጠዋት ጠዋት ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብለን ሆን ብለን አንዱን ጎን እናዘነብለው ነበር፣ ካልነከሰ ማንም አይወጣም፣ ሱፐርቫይዘሩ ህንዳዊ ነበር ይሄን ሳናደርግ ካየን ቀኑን ይቆርጥብናል። አንተም ሲያመጡልህ መጀመሪያ ሎኩን እይ፣ ከተመረመረ ዓመት ካለፈው አትቀበል።

ሌላው ሃርነስህን (የደህንነት ቀበቶህን) ቅርጫቱ ላይ እንዳታስር!! ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው ሚሳሳተው። ለየሰው ለየብቻ ከህንፃው ላይ የታሰረ ወፍራም ገመድ ይወርዳል፣ በገመድ መያዣ እሱ ላይ ነው ምትያያዘው፣ ቅርጫቱ ቢወድቅ አንተ ትቀራለህ። ገመዱ ፓራፔት (የጣሪያው ዳር ግንብ) ጠርዝ ላይ ሚታሸበት ቦታ ላስቲክ ወይም የተቀደደ የእሳት አደጋ ሆዝ ምናምን ጠቅልልበት፣ አለበለዚያ በሳምንት ይበላል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ (ባህር ዳር ነው ያልከው አይደል ሃሃ) ሞተሩ ላይ የብሬክ መልቀቂያ እጀታ አለ፣ ሁለታችሁ እኩል ስታነሱት ቀስ እያለ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ይሄን መሬት ላይ አለማምዳቸው እንጂ 7ኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥለው እንዳይማሩት።

ባለአጠናው፦

እኔ በዚህ ስራ 30 ዓመት አልፎኛል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀምሮ እስከ ፖሊ ካምፓስ ያለውን ስንቱን በአጠናና በገመድ ቀብተናል። አጠና ሊሰበር ሲል ይጮሃል ልጄ፣ ይነግርሃል። ይሄ ሽቦ ምን ይነግርሃል? ሌላ ምንም አልልም።

የዱባይ_ተመላሽ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን አጠና ጮኾ ስንቱ ወድቋል እኮ። ሽቦም ይነግራል፣ ክሩ ሲነሳ ጓንትዎን ይይዘዋል። ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ጨብጦ ማየት ነው።

ባለአጠናው፦

እሱስ ልክ ነህ። የሚያየው ሰው ካለ።

ኢንጅነሯ_ከፔዳ፦

ሁላችሁም ስለ ቅርጫቱ ነው ምታወሩት። ቅርጫቱ ፋብሪካ ተፈትኖ ነው የመጣው፣ ያልተፈተነው የናንተ ጣሪያ ነው። ስለዚህ ፊኒሺንግ_ሃይቅዳር መጀመሪያ ይሄን መልስልኝ፣ የህንፃው አናት ላይ ያለው ስላብ ነው ወይስ ኢጋ ቆርቆሮ? ፓራፔቱ ኮንክሪት ነው ብሎኬት? ከጠርዙ ወደ ውስጥ ምንም ሳያግድህ ስንት ሜትር አለህ?

ፊኒሺንግ_ሃይቅዳር፦

እህቴ ዛሬ ወጥቼ ለካሁት። ስላብ አለ፣ ከሱ በላይ ግን የብረት ትረስ (የጣሪያ ማገር) ተሰርቶ ኢጋ ለብሷል፣ ከስላቡ እስከ ቆርቆሮው በደረት ተኝተህ ነው ምትገባው። ፓራፔቱ ባዶ ብሎኬት ነው 15 ሳንቲ፣ ላዩ ላይ የኮንክሪት ክዳን አለው። ወደ ውስጥ በጀርባ በኩል 3 ሜትር ተኩል ነው ያለኝ ከዛ ወዲያ የሮቶዎቹ ማማ ይመጣል። በግራ በኩል 5 ሜትር ነፃ ነው።

ኢንጅነሯ_ከፔዳ፦

እሺ ነገሩ ወዲህ ነው። አንዳንድ አከራይ ፓራፔት ላይ ሚነከስ መንጠቆ ይዞ ይመጣና ክብደት አያስፈልግህም ይልሃል፣ ያ ለአርማታ ፓራፔት ነው፣ ለባዶ ብሎኬት ግን ግንቡን ይዞት ነው ሚሄደው፣ እሱን እርሳው።

ሚዛኑ ደግሞ ልክ እንደ ልጆች የእንጨት ዥዋዥዌ ነው። ቅርጫቱ ባዶውን ከነሞተሩ 400 ኪሎ አካባቢ ነው እንበል፣ 630 ሙሉ ጭነት ጨምርበት፣ ከጣሪያው ወጥተው ቅርጫቱን ሚይዙት ሁለት ብረቶች ላይ ስታካፍለው በአንድ ብረት 500 ምናምን ይመጣል፣ ሂሳቡ እንዲቀል 500 እንያዝ። ብረቱ ከፊት እግሩ ወደ ውጭ 1.5 ሜትር ከወጣና ወደ ኋላ 4.5 ሜትር ካለው 500 ሲባዛ በ1.5 ሲካፈል ለ4.5፣ 167 ኪሎ ከኋላ ብትጭን ልክ በሚዛን ይቆማል ማለት ነው፣ ማንም ግን በሚዛን ላይ አይሰራም፣ የአውሮፓው ስታንዳርድ 3 እጥፍ ይላል የአሜሪካኑ 4 እጥፍ። በ3 እጥፍ 500 ኪሎ፣ ባለ 25 ኪሎውን 20 ፍሬ፣ ለሁለቱ ብረት 40። ያ 40 ፍሬ የተባለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም።

አሁን ያንተን ጀርባ እንየው። ወደ ውስጥ 3 ሜትር ተኩል ብቻ ነው ያለህ፣ የፊቱ እግር ደግሞ ያንን ብሎኬት መርገጥ ስለማይችል ወደ ውስጥ ፈቀቅ ብሎ የስላቡ ቢም ላይ ማረፍ አለበት፣ ስለዚህ ወደ ውጭ ሚወጣው 2 ሜትር፣ ከኋላ ሚቀርህ 3 ሜትር ይሆናል እንበል። 500 በ2፣ ለ3፣ 333፣ በ3 እጥፍ 1,000 ኪሎ። በአንድ ብረት! ከፊት ግማሽ ሜትር ስለገፋህ ከኋላ ሜትር ተኩል ስላጣህ ብቻ ክብደቱ እጥፍ ሆነ፣ 80 ፍሬ ማለት ነው። አከራዩ ግን 40 ፍሬ ብቻ ይዞ ይመጣና እዛው ይተክልልሃል፣ ባዶውን ሲወጣ ሲወርድ ምንም አይልም፣ ደህና ነው ብለህ ትፈርማለህ። የፊቱ እግር ስር ሚያርፈው ጭነትም ከ667 ወደ 833 ኪሎ ይወጣል፣ ያ በአንድ እግር ነው። ወፍራም ጣውላ ሳታነጥፍ ስላብ ላይ እንዳታሳርፈው።

የአሸዋውን ነገር ደግሞ በፍፁም። ጆንያ ይቀደዳል፣ አሸዋ ቀስ እያለ ይፈሳል፣ ከምንም በላይ ግን አንድ ቀን አሸዋ አልቆበት ሚቸኩል ለሳኝ ይመጣና ሁለት ጆንያ አንስቶ ይሄዳል፣ እሱ ሁለት ጆንያ ነው ያነሳው፣ አንተ ግን ውጭ ሰው አንጠልጥለሃል። ክብደት ማለት ሚፈስ ነገር አይደለም፣ ከብረቱ ጋር በቦሎን የታሰረ፣ ኪሎው ላዩ ላይ የተፃፈ፣ ሰው ዝም ብሎ ማያነሳው ነገር ነው።

የቀበሌ_13_ልጅ፦

ሮቶ አለ አላለም እንዴ? ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሙሉ ሲሆን 5 ቶን ነው፣ ብረቱን ከስሩ አሾልኮ ሮቶውን እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው በቃ ምን ያደክማችኋል 😂

ኢንጅነሯ_ከፔዳ፦

ታዲያ ሆቴሉ ውስጥ ሰው ሻወር በከፈተ ቁጥር የልጆቹ ሚዛን በቧንቧ እየወረደ ነዋ።

የቀበሌ_13_ልጅ፦

እሺ ተሸነፍኩ

ገመድ_ላይ_ነኝ፦

እኔ ምሰራው ያለ ቅርጫት በገመድ ብቻ ነው፣ ሁለት ገመድ፣ አንዱ መስሪያ አንዱ መጠባበቂያ፣ ለየብቻ የታሰሩ። ጀርባውን ቀለም ብቻ ከሆነ ምትቀባው 1 ቶን ምናምን ማውጣት አያስፈልግህም፣ ሁለት ልጅ የሰለጠኑ ከሆኑ በገመድ ይጨርሱታል። አሉኮቦንዱን ግን በገመድ አልነካውም፣ ያ ሰሌዳ በእጅህ ይዘኸው ንፋስ ሲያገኘው ሸራ ነው፣ ይዞህ ይዞራል። እኔም ባህር ዳር ሰርቻለሁ፣ ጠዋት ሃይቁ መስታወት ይመስላል ከሰዓት ንፋሱ ይነሳል፣ ከፍ ባልክ ቁጥር ይብሳል። ለጎንዶላ ቻይናዎቹ መመሪያ ላይ ሚፅፉት 8.3 ሜትር በሰከንድ ነው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዛ በላይ ውረድ ነው። ትልልቁን ሰሌዳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ግጠም፣ ከሰዓት ሲሊኮኑን ምናምኑን ስራ።

ሌላ ማንም ማያወራው ነገር አለ። ሰው ወድቆ ሃርነስ ላይ ቢንጠለጠል ተረፈ ብላችሁ እንዳትጨበጭቡ፣ ራሱን ስቶ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ደሙ እግሩ ላይ ይቀራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ማውረድ አለባችሁ። ማን ነው ሚያወርደው፣ በምን፣ ከየትኛው መስኮት፣ ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እሳት አደጋ እስኪመጣ አትሉም መቼም፣ በ90 ሳንቲ ክፍተት ምን ይገባል።

ድልድይ_ሰሪ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ህንፃው ቀላሉ ነው ጎበዝ፣ ድልድይ ስር ሞክሩት። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት 43 ሜትር ስፋት አለው፣ ስሩን ማየት ብትፈልግ ከላይ ቆሞ ክንዱን በጠርዙ አሳልፎ ወደ ስር ሚያጥፍ መኪና አለ ግን መሃሉ ድረስ 21 ሜትር ተኩል ነው፣ ክንድ ሁሉ አይደርስም። ከውሃው ደግሞ ምን ታቆማለህ፣ ዓባይ ነው እኮ። እንደዛ ዓይነት ቦታ በሌላ አገር ሚሰሩት ቀላል ወለል ከድልድዩ ቢም ላይ በሰንሰለት አንጠልጥለው ነው፣ መጀመሪያ ከዳር አንዷን ክፍል ይሰቅሉና እሷ ላይ ቆመው ቀጣይዋን ይገጥማሉ፣ እንደዛ እየቀጠሉ ይሄዳሉ፣ ከታች ምንም አይነካም። ክፍሎቹ ቀላል የሆኑት ለዛ ነው፣ ክሬን ማይገባበት ሰው በእጁ እንዲቀጥለው። ውሃ ላይ ሲሆን ላይፍ ጃኬትና ጀልባ ግድ ነው፣ እዚህ ደግሞ ለጉማሬውም ሚጮህ አንድ ሰው መቅጠር ሳይኖርብህ አይቀርም።

ላንተ ሚጠቅምህ ይሄ ነው፣ ካኖፒው ላይ መስታወቱን አታስገባ። ብረቱ ከቻለ (ኢንጅነሯ ትየው) ጣውላ አንጥፍበትና ቅርጫቱን እሱ ላይ ግጠመው፣ ቁርጥራጩን በ2ኛ ፎቅ መስኮት አውጥታችሁ። መስታወቱ ከገባ በኋላ ግን አንድ ቦሎን ቢወድቅ መስታወቱ አለቀለት።

በያጅ_ጎጃም፦

አሉኮቦንድ ካላችሁ የብረቱን ፍሬም ቅርጫት ላይ ሆናችሁ ልትበይዱት ነው አይደል? ተው። የብየዳው ከረንት መሬት ሲፈልግ በተንጠለጠላችሁበት ሽቦ ነው ሚሄደው፣ ሽቦው 8.3 ሚሊ ነው ውስጥ ውስጡን ያበስለዋል ከውጭ አይታይህም። የግራይንደር ብልጭታም የናይለን ገመዱን ይበላዋል። እኔ መሬት ላይ በይደን ቀብተን አውጥተን በፊሸር ቦሎን አሰርነው፣ ቅርጫት ላይ ሚሰራው መሰርሰርና ማሰር ብቻ ሆነ።

የሽቦውን ጫፍ በዩ ክላምፕ ስታስሩ ደግሞ ኮርቻው (ሽቦው ሚቀመጥበት ክፍል) በሚሸከመው ሽቦ በኩል ነው፣ ዩው በሞተው አጭር ጫፍ በኩል። ተገልብጦ ታስሮ ስንቴ አይቻለሁ።

ፊኒሺንግ_ሃይቅዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። እስካሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

ጀርባውን በተመለከተ፣ ባለቤቱ ሮቶዎቹን ወደ ደረጃው ቤት ስላብ አዛወረ (መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር የ80 ፍሬውን ኪራይና ማመላለሻ ሂሳብ ሳሳየው ተስማማ)፣ ማማው ሲነሳ ወደ ኋላ 4.5 አገኘን። ኢንጅነሯ በውስጥ መስመር ብዙ ረዳችኝ፣ የፊቱን እግር ፓራፔቱ ጥግ ያለው የዳር ቢም ላይ በጣውላ አሳረፍነው፣ ከዛ ወደ ውጭ 1 ሜትር ከ40 ነው የወጣው፣ 40 ፍሬው ይበቃል፣ ስላቡንም ከድሮዊንጉ ጋር አገናዝባ አየችልኝ። ለእያንዳንዱ ብረት ሁለት ሁለት ቆርቆሮ ፈታን፣ ትረሱ መሃል አሾለክነው። 40ውን ፍሬ 4 ልጆች በአንድ ቀን ተኩል ነው ያወጡት፣ እያንዳንዱን ፍሬ በጀርባቸው፣ ማታ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ የአንድ ቀን ጨመርኩላቸው።

ሃርነስና ገመድ አዲስ ገዛሁ፣ ፎርማኔ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156 አሰሪው ነው ሚያቀርበው ብሎ አፋጠጠኝ፣ ልክ ነው። ጎረቤትየው ጣሪያው ላይ መረብ እንድንዘረጋ ጠየቀ፣ ዘረጋን። ሞተሩን ስናስነሳ አንዱ ቶሎ ቶሎ ይሞቃል፣ አከራዩ ኖርማል ነው አለ።

የዱባይ_ተመላሽ፦

ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን አንብበው፣ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው ሚሉት አብዛኞቹ፣ ባህር ዳር ደግሞ 1,800 ነው፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሙሉ 630ውን አትጫን፣ ከላይ እስከ ታች እየተመላለስክ አታሩጠው፣ አሳርፈው። የጄነሬተርህን ቮልቴጅም ለካው፣ 380 ካልሞላ ሞተሩ የበለጠ ይሞቃል። አንዱ ብቻ ከሆነ ሚሞቀው ግን ብሬኩ በደንብ አልለቀቀ ይሆናል፣ አከራዩን ኖርማል ነው ብሎ እንዲሄድ አትፍቀድለት፣ ፊትህ ይፍታው።

ፊኒሺንግ_ሃይቅዳር፦

አስፈታሁት፣ ብሬኩ ነበር! እየጎተተ ነበር። አስተካከሉት። ዛሬ ጠዋት የማዘንበሉን ነገር ሞከርን ሁለቱም ሎክ ነከሰ፣ መጀመሪያ የወጣው ማን እንደሆነ ገምቱ፣ ያ ሰው አልሰቅልም ያለው ፎርማኔ ነው፣ ሌላ ሰው ከመስቀሌ በፊት ራሴን ልስቀል አለ። 3ኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ እጀታውን ይዞ ወረደ። ነገ ስራ እንጀምራለን።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ልጁ ሽቦው ዝናብ ነክቶት ዝገት እንዳይዘው ብሎ ግራሶ ሊቀባው ባልዲ ይዞ ቆሟል፣ ይቀባው?

የዱባይ_ተመላሽ፦

አይቀባ!!! ሞተሩ ሽቦውን ጨብጦ ነው ሚወጣው፣ ግራሶ ከነካው ያንሸራትታል። ባልዲውን ተቀበለውና ደረቅ ጨርቅ ስጠው፣ ከላይ እስከ ታች ይጥረገው።

ፊኒሺንግ_ሃይቅዳር፦

ተቀበልኩት። ጫፉን ሁለት ሜትር ያህል ቀብቶት ነበር፣ በናፍጣ እያስጠረግኩት ነው።

የዱባይ_ተመላሽ፦

ናፍጣውም ዘይት ነው ወንድሜ። ያቺን ሁለት ሜትር ሞተሩ ማይደርስባት ታች ከሆነች ምልክት አድርግባት፣ ሚደርስባት ከሆነ ግን ሽቦውን አስቀይር፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ደውልለት።